መርዶ በሽቦ አይሄድም

የቤቴ የስልክ ሽቦ ከእኔ በፊት የነበረ ነው። ከመንገዱ ምሰሶ ይነሣና በጎረቤት ባሕር ዛፎች መካከል አልፎ በመስኮቴ ማዕዘን ይገባል። የእጅ ስልክ በየኪሱ ሲገባ የሠፈሩ ሰው የቤት ስልኩን አንድ በአንድ አስነሣ። እኔ አላስነሣሁም። የሚደውልልኝ ሰው ስለነበረ አይደለም፤ የሚሠራን ነገር መንቀል ስለማይሆንልኝ ነው።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። አንደኛ ክፍል በማታ ስገባ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ዲግሪዬን በርቀት ስማር ደግሞ አርባን አልፌ፣ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራ ነበር። የርቀት ትምህርቱ ጽሑፍ የሚላከው በኢንተርኔት ስለነበረ በዚያ አሮጌ ሽቦ ላይ አስገባሁ። አዲስ ሽቦ የሚዘረጋ መስሎኝ ግቢውን አስጠርጌ ጠበቅኩ። ባለሙያው ግን መጥቶ ምንም አልዘረጋም። ግድግዳው ላይ የክብሪት ቀፎ የምታህል ነጭ ሳጥን ገጠመ፤ ከእሷ አንዱን ገመድ ወደ ስልኩ፣ ሌላውን ወደ ሞደሙ ወሰደ።

«ይቺ ናት ስፕሊተር የምትባለው» አለኝ። «የሰው ድምፅ ወፍራም ነው፣ ከታች ከታች ይሄዳል። ኢንተርኔቱ ቀጭን ነው፣ ከላይ ከላይ ይሄዳል። ሁለቱም ያቺው መዳብ ላይ ናቸው፤ ግን አይነካኩም። እቤት ሲደርሱ ይቺ ትለያቸዋለች።»

«ባትኖርስ?»

«ስልክ ባነሡ ቁጥር ኢንተርኔቱ ይወድቃል። ጆሮዎም ላይ ሲንሿሿ ይውላል።»

ቃል በቃል ጻፍኩት። ከዚያ ወዲህ የተማርኩትም አለ። ከስልክ ቤቱ ለራቀ ቤት ኢንተርኔቱ የሚደርሰው ተዳክሞ ነው፤ የእኔ ቤት ቅርብ ስለሆነ ደኅና ይመጣል። ክረምት ላይ ምሰሶው ጋ ያለው መጋጠሚያ ውኃ ከገባበት ይዳከማል። አዲሱ፣ በመስተዋት ክር የሚመጣው ዓይነት፣ ፈጣን ነው ይላሉ፤ ወደ እኛ ሠፈር ገና አልዞረም።

የእጅ ስልክ ኢንተርኔት በከተማችን ከጠፋ በኋላ ነው ያ ሽቦ ወግ ያገኘው። አጥሬ ሥር ድንጋይ እየደረደሩ የሚቀመጡ ሰዎች መጡ። ከሁሉ የማይጠፉት ከጎን ልብስ የሚነግዱት ሐጂ ነበሩ፤ አዲስ የመጣ ጨርቅ ፎቶ የሚያዩት የእኔ አጥር ላይ ተደግፈው ነው። «እህቴ፣ እኔ ሱቄን ወዲህ ላዙረው መሰለኝ» ይሉኝ ነበር።

እማሆይ ግን አጥር ሥር አይቀመጡም። ከእኔ ቤት ሁለት ቤት አልፎ የሚኖሩ፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ የመነኮሱ አሮጊት ናቸው። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ አዲስ አበባ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች፤ የዕረፍት ቀኗ እሑድ ብቻ ነው። ስለዚህ እማሆይ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በቀጥታ ወደ እኔ ይመጣሉ። አራት ሰዓት ላይ የቤቱ ስልክ አንዴ ይጮህና ይቋረጣል። «ዝግጁ ነኝ፣ ክፈቱልኝ» ማለቷ ነው። ያኔ እኔ ስልኬን ከዋይፋዩ አገናኝቼ መጽሐፍ ላይ አስደግፍላቸዋለሁ።

መጀመሪያ ቀን ልጃቸውን በምስል ያዩ ጊዜ ወደ እኔ ዞረው «ያሁኗ ናት ወይስ የዱሮዋ?» አሉኝ።

«ያሁኗ ናት እማሆይ። ያናግሯት።»

«ከሳሽ ልጄ!» ብለው ጮኹ። ያ ነበር የመጀመሪያው ቃላቸው።

«እማዬ ቀስ ብለሽ አውሪ፣ እሰማሻለሁ እኮ!»

«አባይን መሻገር የለበትም እንዴ ድምፁ?» አሉ፤ ጩኸታቸውንም አልቀነሱም። ሐጂ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው «እማሆይ፣ እኛም አባይ ማዶ ያለን መሰለን» ሲሏቸው «ከሰማህ አሜን በል» ብለው መለሱላቸው።

መስመሩ አንዳንዴ ይጠፋ ስለነበር እናትና ልጅን ሁለቱንም አስተማርኳቸው። ኢንተርኔቱ ሲሄድ መጀመሪያ የቤቱን ስልክ ማንሣት ነው። ስልኩ ከሠራ ሽቦው ደኅና ነው፣ ጥፋቱ ሞደሙ ጋ ነው። ስልኩም ጭጭ ካለ ሽቦው ተበጥሷል። ልጅቷ በደንብ ያዘችው። «እትዬ፣ ዛሬ የላዩ ነው የሞተው ወይስ የታቹም?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ በሕይወቴ ካስተማርኳቸው ጥቂት ሰዎች አንዷ ናት።

እማሆይ አንድ ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ አረፉ። የዚያኑ ዕለት ተቀበሩ። የአዲስ አበባውም የሌላውም መንገድ ከማክሰኞ ጀምሮ ተዘግቶ ነበር፤ ወንድማቸው ቄሱ እንኳ ከአማኑኤል ከተማ በእግራቸው መጥተው ዓርብ ነው የደረሱት፣ ቀብሩ አልፎባቸው። የእማሆይን የእጅ ስልክ ሴቶቹ ዘግተው ሣጥን ውስጥ ከተቱት፤ ልጅቷ ደውላ ለቅሶ እንዳትሰማ።

ቅዳሜ፣ በሰልስቱ፣ እድሩ ድንኳን ውስጥ ስለ ልጅቷ ምክር ተያዘ። ከሴቶቹ አንዷ «አሁን እንግዲህ ጊዜው ነው፣ በስልክ ይነገራት» አለች።

ቄሱ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉት። «መርዶ በሽቦ አይሄድም» አሉ። «ሲነገር ሰው ይወድቃል። ሽቦ ያነሣል? ሽቦ ውኃ ያጠጣል?»

ማንም አልተከራከረም። እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው በወገን ነው። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ ይሄዳል፤ ደጋፊው ከግራ ከቀኝ ሳይቆም አፍ አይከፈትም። እኔም አምንበታለሁ። አባቴ ሲሞት ከማያውቁኝ ሰዎች መሀል፣ ገበያ ላይ፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ አንድ ሰው በድንገት ነግሮኛል፤ የያዝኩት ዘንቢል የት እንደወደቀ እስከ ዛሬ አላውቅም።

መንገዱ እሑድ ጠዋት እንደሚከፈት ተነግሮ ነበር። ቄሱ በመጀመሪያው መኪና ሊሄዱ፣ ማታውን ዘመድ አሰባስበው ሰኞ ማለዳ ሊያረዷት ተቆረጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ እመቤት፣ ያንን ነገርሽን ነገ ዝጊልን። ልጅቷ እሑድ እሑድ ታያታለች አሉኝ። አጥርሽም ሥር የሚቀመጠው ሁሉ የድንኳን ፎቶ አይልክም አይባልም።»

«እዘጋለሁ አባ።»

«ስልኩን ግን እንዳትነኪው። የእጅ ስልኩ አይታመንም። መንገድ ላይ ከቀረሁም፣ ከደረስኩም ወዳንቺ ስልክ ነው የምደውለው።»

እሑድ ጠዋት የሞደሙን ሶኬት ነቀልኩ። አራቱም መብራቶች ባንዴ ጠፉ። ትንሽ ቆይቶ ሐጂ አጥሩን አንኳኩ። «እህቴ፣ ዛሬ ምነው ነጠፈ?» አሉ። ወዲያው ግን ድንኳን ውስጥ አብረውን እንደነበሩ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ «ገባኝ፣ ገባኝ። አንቺ አትውጪ፤ የሚመጣውን እኔ እመልሳለሁ» ብለው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። «ሂድ ወንድሜ፣ ዛሬ ሰንበት ነው» ሲሉ ይሰማኛል። አንዱም «ሐጂ፣ ሰንበት ማክበር የጀመሩት መቼ ነው?» ብሎ አላገጠባቸው።

አራት ሰዓት ላይ ስልኩ አንዴ ጮኸና ተቋረጠ።

እንደሚሆን አውቅ ነበር። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አሁንም አንዴ ጮኾ ተቋረጠ። ከዚያ ዝም አለ። አለፈ ብዬ ልነሣ ስል ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ፤ አሁን ግን አልተቋረጠም፤ ጮኸ፣ ጮኸ። ቄሱን አሰብኩ። በዚህ ሰዓት አባይ በረሃ አፋፍ ላይ ይሆናሉ፤ መኪናው ተመልሶ ይሆናል። የታዘዝኩትም ስልኩን እንዳነሣ ነው። አነሣሁት።

«ሃሎ፣ አባ?»

«አባ ደግሞ ማናቸው? እኔ ነኝ እንጂ እትዬ! ምነው ዛሬ አይከፈትም?»

«መስመሩ ተበላሽቷል» አልኩ።

ሳቀች። «ታዲያ በየትኛው መስመር ነው የምናወራው? ራስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩኝ? ስልኩ ከሠራ ሽቦው ደኅና ነው።»

«ሞደሙ ነው። መብራቱ አልበራም።» ይኼ እውነት ነበር። እውነት የሆነ ነገር በማግኘቴ ትንሽ ተነፈስኩ።

«ይሁን እሺ፣ ፊቷን ካላየሁም ድምጿን ልስማ። ያቅርቡልኝ። ስልኳ ከሐሙስ ጀምሮ ዝግ ነው፤ ኔትዎርክ ነው ብዬ ራሴን ባታልልም እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል።»

«እማሆይ የሉም» አልኩ። ይኼም እውነት ነበር።

«የት ሄደች? እሑድ እኮ ነው።»

እዚህ ላይ እውነቱ አለቀብኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ሐሰት በየኪሱ ይኖረዋል፤ እኔ ፈልጌ ነው ያመጣሁት። ከመስኮቱ ወዲያ የእድሩን ድንኳን ሲያፈርሱ ይታየኛል፤ ሁለት ሰዎች ሸራውን በአራት በአራት ያጥፉታል።

«ደብረ ወርቅ» አልኩ። «ጠበል ሊጠመቁ።»

«ደብረ ወርቅ? መንገዱ ተከፈተ እንዴ?»

«ዛሬ ጠዋት ተከፍቷል።»

«እማዬ! ያን ሁሉ መንገድ! ጉልበቷ ሻለ በሉኛ! ትንፋሿስ? ያ ማለክለኳ ተዋት?»

ያለፈውን እሑድ አየሁት። ምስሉ ከተዘጋ በኋላ እማሆይ ሊነሡ ሲሉ ከወንበሩ ሁለት እርምጃ ሳይርቁ ቆሙ፤ በግራ እጃቸው ግድግዳውን ይዘው ትንፋሻቸውን ፈለጉት። ወተት አቀረብኩላቸው፤ እንቢ አሉ። «ሐኪም ቤት እንሂድ» ብላቸው «ነገ» አሉኝ። ከዚያ አንገቴን በእጃቸው ሳብ አድርገው «ለልጄ እንዳትነግሪያት። ሥራዋን ጥላ ትመጣብኛለች» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ሰኞ ከሥራ ስመለስ ደጃቸው ተቀምጠው ጥጥ ሲባዝቱ አገኘኋቸው፤ ደኅና ነኝ አሉኝ፤ ደኅና ናቸው ብዬ አለፍኩ።

«ሻል ብሏቸዋል» አልኩ።

«እትዬ፣ ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር። እርስዎ ስላሉኝ ነው። አሁን ምሳዬን እበላለሁ። ሞደሙን አሠርተው ለሚመጣው እሑድ ያድርሱልኝ፤ ቡራኬዋ ቀርቶብኛል።»

ስልኩን ስታስቀምጥ እኔ ይዤው ቀረሁ። ቄሱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወሉ፤ በሰላም ደርሰዋል። ልጅቷ መደወሏንና ያልኳትን ልነግራቸው አሰብኩ። አልነገርኳቸውም። መንገዱ አድክሟቸዋል አልኩ ለራሴ። እሱ አልነበረም ምክንያቱ፤ አፍሬ ነው።

ረቡዕ ቄሱና ልጅቷ አብረው መጡ። ድንኳኑ እንደገና ተተክሎ ነበር። ልጅቷ በየሰዉ አንገት ላይ እየወደቀች አለቀሰች፤ እኔ ጋ ስትደርስ እጇን ብቻ ሰጠችኝ። ከሰዉ መሀል ወጥቼ አጥሩ ጋ ስቆም ቄሱ ተከተሉኝ።

«ስንት ሰው ይዤ እንደሄድኩ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «ሰባት። ሁለት ጉልበታም ወንዶች በሩ ላይ አቁሜያለሁ። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ስንገባ ያየን ሰው ይገባዋል። እሷ ግን አልገባትም። ነገርኳት። ‹ተሳስታችኋል› አለችኝ። ‹እናቴ ትናንት ደብረ ወርቅ ሄዳለች፤ የሞተው ሌላ ሰው ነው፤ የሰው ቤት ነው የመጣችሁት።›»

ቄሱ ቀጠሉ።

«ወንድሟ ነኝ እያልኳት፣ መቃብሯን አይቼ መጣሁ እያልኳት፣ አንቺን ምስክር ጠራችብኝ። ‹እትዬ ነግረውኛል፤ እትዬ አይዋሹም› አለችኝ። ግማሽ ቀን ነው የታገልናት። ሰውን ሁሉ ‹ውሸታሞች› እያለች፣ እንባ የለ፣ ምን የለ። ምንድን ነው ያልሻት?»

ነገርኳቸው። መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው ሰሙኝ። ይቈጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ «ስልኩን አትዝጊ ያልኩሽ እኔ ነኝ» ብቻ ብለው ወደ ድንኳኑ ተመለሱ። ቢቈጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ልጅቷ ወደ ቤቴ መጣች። ጥቁር ለብሳለች፤ ራሷን ተላጭታለች። ተቀመጭ ብላት እናቷ ይቀመጡበት ከነበረው ወንበር ራቅ ብላ ቆመች።

«ያን ዕለት ከእርስዎ ጋር ካወራሁ በኋላ ምሳዬን በላሁ» አለች። «ከዚያ መርካቶ ሄጄ ጫማ ገዛሁላት። ለመንገድ የሚሆን፣ ሶሉ ለስላሳ። እነ አባ ሲገቡ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እሱን እያሳየኋቸው ነው ‹ይኸው መንገድ ጀምራለች› የምላቸው። ሰው ምን እንዳለኝ መሰለዎት? አበደች ነው ያሉኝ።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ።

«ደብረ ወርቅ ባይሉኝስ ምን ይሉኝ ነበር? አሰብኩበት እኮ። ሞተች ቢሉኝ ብቻዬን ነበርኩ፤ የቤት አከራዬ እንኳ አልነበሩም። ባያነሡት ደግሞ ደውዬ ደውዬ ሰው እፈልግ ነበር፤ ሌላው ይነግረኝ ነበር። አውቃለሁ። ግን ሻል ብሏቸዋል አሉኝ። ደብረ ወርቅ ይሁን እሺ፤ ሻል ብሏቸዋል የሚለውን ለምን ጨመሩት? እሱን ማን አዘዘዎት?»

ማንም አላዘዘኝም።

«አሁን እውነቱን ይንገሩኝ» አለች። «ባለፈው የመጨረሻ እሑድ ግንባሯንና ቆቧን ብቻ ነው ያየሁት። ምስሉ እየተቆራረጠ ቆይቶ ቀጥ አለ። እርስዎ አጠገቧ ነበሩ።»

መስመሩ እንዲያ ነው፤ ወደ እኛ የሚመጣው ሰፊ ነው፣ ከእኛ የሚሄደው ግን ጠባብ ነው። እማሆይ ልጃቸውን ጥርት አድርገው ሲያዩ ልጅቷ የምታያቸው በቁርጥራጭ ነበር። ይኼን ልነግራት ጀመርኩና ተውኩት፤ የጠየቀችኝ ስለ መስመር አይደለም።

ሁሉንም ነገርኳት። ስንት እርምጃ እንደሄዱ፣ የትኛው እጃቸው እንደነበረ፣ ወተቱን እንዴት እንደገፉት። ሐኪም ቤት ብዬ እንደጠየቅኳቸውና ሁለተኛ እንዳልጠየቅኳቸው። አትንገሪያት እንዳሉኝና እሺ እንዳልኩ። ሰኞ ደጃቸው አይቻቸው እንዳለፍኩ፤ ማክሰኞና ረቡዕ ጭራሽ እንዳልሄድኩ፤ መጻሕፍት እየቈጠርን ነበር። አላሳመርኩትም። አንዳንዱን ከመጀመሪያው ደገምኩት።

እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«እሑድ ቢነግሩኝ ሰኞ እመጣ ነበር» አለች። «ሰኞ መንገዱ ክፍት ነበር።»

«አዎ። ክፍት ነበር።»

«ሦስት ቀን ነበረኝ።»

«ሦስት ቀን።»

ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰበሰበችና ወጣች። እስከ አጥሩ በር ሸኘኋት። ዝናብ እያካፋ ነበር፤ ሐጂ ሱቃቸው በራፍ ላይ ቆመው አዩን፣ ሰላምታ ሊሰጡ አስበው እጃቸውን መለሱ። መንገዱን ከያዘች በኋላ ዞር አለችና «ይግቡ፤ ይበርድዎታል» አለችኝ።

ቸርነት ይሁን፣ አይከተሉኝ ማለቷ ይሁን፣ ያን ጊዜም አልለየሁትም፤ አሁንም አልለየሁትም። ቤታቸው እስክትገባ ድረስ ቆሜ አየኋት።